በኮሪያኛ «አመሰግናለሁ» ሲሉን ምን ብለን እንመልስ?

ጀማሪዋ_ከገርጂ

ሰላም ወገኖች። ኮሪያኛ ለምታውቁ አንድ ጥያቄ አለኝ። በቅርቡ አንድ የኮሪያውያን ድርጅት ውስጥ በእንግዳ ተቀባይነት ሥራ እጀምራለሁ። ፊደሉን ጨርሻለሁ፤ ሰላምታውንም ምስጋናውንም እችላለሁ። ግን ሰው «ካምሳሃምኒዳ» ሲለኝ ምን ልበል?

የተማርኩበት መጽሐፍ «ቸንማኔዮ» በይ ይላል። የማያቸው ድራማዎች ላይ ግን ይህን የሚል ሰው የለም ማለት ይቻላል። አንዱ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። ሌላው «አኒኤዮ» ይላል። ሌላው «ኔ» ብሎ ያልፋል። እኔ ደግሞ የማስተናግዳቸው ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። በዕድሜ የገፉ አሉ፣ አለቆች አሉ፣ እኩዮቼም አሉ። ለሁሉም አንድ መልስ ይበቃል? አገሩ ላይ የኖራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ማስተርስ_በዴጆን

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! አጭሩ መልስ «አኒኤዮ» ነው። ቃሉ «አይደለም» ማለት ነው። እኛ «ኧረ ምንም አይደል» የምንለው ቦታ ላይ ይገባል።

እዚህ ላብራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምሰማው ይህን ነው። አንዱ በር ይዞ ያሳልፋል፣ «ካምሳሃምኒዳ»፣ «አኒኤዮ»። አንዱ ቻርጀር ያውሳል፣ «ኮማወዮ»፣ «አኒኤዮ»። ብዙ ጊዜ ሁለቴ ደጋግመው፣ ፈጠን አድርገው፣ እጃቸውን ከደረታቸው ፊት ወዘወዝ እያደረጉ ነው የሚሉት። አንድ ጊዜ ብቻ ቀዝቀዝ ብለሽ ካልሽው ግን ደረቅ ይሆናል። ድምፁ ውስጥ ፈገግታ ይኑር።

ኮሪያውያን ምስጋናን እጅ ዘርግተው አይቀበሉም። ወይ ቀለል አድርገው ይመልሱታል፣ ወይ «እኔ ነኝ ማመስገን ያለብኝ» ይላሉ። ይህን ከያዝሽ ቀሪው ይቀልሻል።

ኮሪያኛ_አስተማሪ

ዴጆን ያለው ወንድማችን ያለው ትክክል ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለሥራሽ ወሳኝ ነውና።

በአማርኛ «አይደለም» ስንል ለሕፃንም ለሽማግሌም ቃሉ ያው ነው። አክብሮታችን የሚታየው «ይግቡ»፣ «ይቀመጡ» ስንል ነው። በኮሪያኛ ግን ይህች ትንሽ «አይደለም» ራሷ እንደ ሰሚው ትለወጣለች። ለጓደኛ ወይም ለታናሽ «አኒያ» ነው። ለማታውቂው ሰው፣ ለሥራ ባልደረባ፣ ለደንበኛ «አኒኤዮ» ነው። ለአለቃ፣ ለትልቅ ሰው፣ በስብሰባና በመደበኛ ቦታ «አኒምኒዳ» ነው። ስለ ማን ወይም ስለ ምን ብታወሪ፣ የግሡ ጫፍ የሚያየው ፊትሽ የቆመውን ሰው ነው።

ስለዚህ ጥያቄሽ ላይ «ለሁሉም አንድ መልስ ይበቃል?» ላልሽው፣ አይበቃም። ሥራ ቦታ ከሆንሽ ግን «አኒያ»ን ጨርሶ እርሺው። በሁለቱ መካከል ብቻ ትመርጫለሽ። ከተጠራጠርሽ ወደ «አኒምኒዳ» አዘንብዪ። ከልክ ባለፈ አክብሮት የሚቀየም ኮሪያዊ አላጋጠመኝም። ባነሰ አክብሮት የሚቀየም ግን አለ፤ ቅሬታውንም ፊት ለፊት አይነግርሽም።

ድራማ_ወዳድ

ታዲያ «ቸንማኔዮ» ስህተት ነው ማለት ነው? እኔ ብዙ መጽሐፍ ላይ አይቼዋለሁ። ለምን ያስተምሩታል?

ኮሪያኛ_አስተማሪ

ስህተት አይደለም። መጽሐፉ የእንግሊዝኛውን መልስ ይዞ አቻውን ሲፈልግ ያገኘው ቃል እሱ ነው። በጽሑፍ፣ በድሮ ፊልም፣ በትልልቅ ሰዎች አንደበት ታገኘዋለህ። «ቸንማን» አሥር ሚሊዮን ነው፤ «እጅግ» ለማለትም ይውላል። ከፍ ያለው አባባል «ቸንማኔ ማልስሚምኒዳ» ይባላል፤ «እንዴት እንዲህ ይላሉ» እንደማለት ነው። እሱ ዛሬም በአንዳንድ ንግግር ላይ ይሰማል፤ በተለይ ሰው የማይገባህን ውዳሴ ሲሰጥህ። የዛሬ ወጣት ግን በር ለያዝክለት ሰው «ቸንማኔዮ» ሲል አትሰማውም።

ካሸር_የነበርኩ

እኔ ኮሪያ ስማር ማታ ማታ ምቹ መደብር ውስጥ እሠራ ነበር። እዚያ «አኒኤዮ» ብዙም አልልም ነበር። ደንበኛው ዕቃውን ተቀብሎ «ካምሳሃምኒዳ» ሲል፣ የሻጭ መልስ «ኔ፣ ካምሳሃምኒዳ» ነው። «እሺ፣ እኔም አመሰግናለሁ» እንደማለት። ወይም «ኔ፣ አንኒዮንግሂ ካሴዮ» የሚለው የስንብት ሰላምታ ይከተላል፤ ለሚሄድ ሰው «በሰላም ይሂዱ» የሚባለው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገንዘቡን የከፈለው ደንበኛው ነው። ስለዚህ ምስጋናውን መልሰህ ለሱ ትሰጠዋለህ እንጂ «ምንም አይደል» አትለውም። ታክሲ ስትወርድም ያው ነው። አንተ ታመሰግናለህ፣ ሹፌሩ «ኔ» ይላል፣ አለቀ። ይህ «ኔ» ንቀት አይደለም። ድምፁን ትንሽ ሳብ አድርገው በጨዋነት ነው የሚሉት።

ጀማሪዋ_ከገርጂ

በጣም ጠቀማችሁኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ! አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ለእንግዳ ከ«አኒኤዮ» በላይ ከፍ ያለ፣ ለስላሳ መልስ የለም? ለምሳሌ በዕድሜ የገፉ ሴት እንግዳ መጥተው፣ ረድቻቸው፣ ደጋግመው ቢያመሰግኑኝ።

ማስተርስ_በዴጆን

አብሮ ይስጠን! አለ እንጂ። «ብየልማልስምልዮ» በያቸው። «ምን ይላሉ፣ ይህ ምን ምስጋና ያስፈልገዋል» እንደማለት ነው። ውስጡ ያለው «ማልስም» የትልቅ ሰው ንግግር መጠሪያ ነው። የሳቸውን ቃል እያከበርሽ ምስጋናውን ትገፊዋለሽ። ለእናቶችና ለአባቶች ደስ የሚል መልስ ነው። የደንበኞች ስልክ ላይ የሚሠሩ ሰዎችም ይሉታል።

ቀለል ያለው ወንድሙ «ምወልዮ» ነው። «ኧረ ምን አደረግኩና» ለማለት ነው። ለምታውቂው ሰው ይመቻል። ለአለቃ ግን አይሆንም፤ ትንሽ የቤተኝነት ቃና አለው።

አክስት_ኢንቾን

ልጆች፣ «ኮማፕኪንዮ»ን ረሳችሁት! ጎረቤቶቼ ይህን ነው የሚሉኝ። ሰው «ኮማፕስምኒዳ» ሲልሽ የሱኑ ቃል ይዘሽ «ኪንዮ» ትጨምሪበታለሽ። «ምን ምስጋና አለው!» ነው። ለምስጋና ብቻም አይደል። አንዲት ሴት «ኮሪያኛሽ ጎበዝ ነው» ስትለኝ «ጃልሃጊንዮ፣ አጂክ መረሰዮ» እላታለሁ። «ምኑን ጎበዝ ሆንኩት፣ ገና ብዙ ይቀረኛል» ማለቴ ነው። ይህን ስትሉ ፊታቸው ሲበራ ታያላችሁ።

ለውዳሴ «ካምሳሃምኒዳ» ብሎ መመለስም ይቻላል፤ ወጣቶቹ ይሉታል። በኔ ዕድሜ ካሉት ጋር ግን መጀመሪያ ማስተባበል ነው ወጉ። ለኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛስ «ቆንጆ ቀሚስ» ስንባል «ኧረ አሮጌ ነው» አይደል የምንለው?

ምግብ ላይም እንደዚያው ነው። ጠረጴዛው ሞልቶ ሳለ የቤቱ እመቤት «ቻሪን ገን ኧፕቺማን ማኒ ድሴዮ» ትላለች። ያዘጋጀሁት የለም፣ ግን በደንብ ብሉ። በልታችሁ ስትጨርሱ «ጃል መገስምኒዳ» ትላላችሁ። እሷም ያቀረብኩት ነገር እንኳ የለም ትላለች። ከዚያ ደግሞ ፍራፍሬ ይመጣል። ስጦታ ይዛችሁ ከሄዳችሁም «ምወል ኢረን ገል ታ» ትባላላችሁ፤ «ምነው ይህን ሁሉ!» ነው። ተቆጥታ እንዳይመስላችሁ።

ድራማ_ወዳድ

አክስቴ፣ ይህን ሁሉ መጻፍዎ ደስ ብሎኛል። «ክዌንቻናዮ»ስ? እሱም «ችግር የለም» ነው አይደል?

ኮሪያኛ_አስተማሪ

ነው፤ ግን ቦታው ሌላ ነው። «ክዌንቻናዮ» በዋናነት የይቅርታ መልስ ነው። ሰው እግርህን ረግጦ «ሚያንሃምኒዳ» ሲልህ ትለዋለህ። ደግሞም ቡና ልጨምርልህ ስትባል «ክዌንቻናዮ» ካልክ «አልፈልግም፣ ይብቃኝ» ብለሃል። ለምስጋና መልስ ሲሆንም ይሰማል፤ ግን «አኒኤዮ» እያለ እሱን መምረጥ አያስፈልግም።

የቃኘው_ልጅ_ልጅ

ይህን ክር ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

አያቴ በኮሪያ ጦርነት ከቃኘው ሻለቃ ጋር የዘመቱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የኛ ወታደሮች ቡሳን የደረሱት በ1943 ዓ.ም. ነው። ቹንቸን ከተማ ውስጥ፣ ኮንግጂቸን ወንዝ ዳር፣ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ሐውልት አለ። በ1960 ዓ.ም. ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተዋል። ዘግየት ብሎ ደግሞ እዚያው አጠገብ የመታሰቢያ ሙዚየም ተሠርቷል።

እዚያ አካባቢ የኖረ ኢትዮጵያዊ የሚገጥመው ነገር አለ። ከየት መጣህ ይሉሃል። ኢትዮጵያ ስትል በዕድሜ የገፉ ሰዎች እጅህን በሁለት እጃቸው ይይዙና «ካምሳሃምኒዳ» ይላሉ። ለአንተ አይደለም ምስጋናው። አንተ ምንም አላደረግክም። ለአያትህ ነው፤ ተመልሰው ላልመጡትም ነው።

እዚህ ላይ «አኒኤዮ» ከአፌ አይወጣም። «ምንም አይደል» ልል አልችልም። ምንም አይደል የሚባል ነገር አይደለማ! ሰው ሞቶበታል። እኔ የምለው «ኪኧኬ ጁሸሰ ካምሳሃምኒዳ» ነው። «ስላስታወሱን እናመሰግናለን»። ያስተማረችኝ አንዲት ኮሪያዊት የክፍል ጓደኛዬ ናት። አንገቴን በደንብ ዝቅ አድርጌ ነው የምለው። ሌሎቻችሁ ምን ትላላችሁ?

ማስተርስ_በዴጆን

ወንድሜ፣ አያትህን ነፍሳቸውን ይማር። እኔም ባስ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኛል፤ የዚያን ዕለት አንገቴን ዝቅ ከማድረግ በቀር ቃል አላገኘሁለትም። ይህን አረፍተ ነገር እይዘዋለሁ።

ኮሪያኛ_አስተማሪ

ያንተ ጽሑፍ እኔ ክፍል ውስጥ ሳስተምር በደንብ ያላነሳሁትን ነገር አጉልቶ አወጣው። «አኒኤዮ»፣ «አኒምኒዳ»፣ «ብየልማልስምልዮ» ሁሉም ራስን ዝቅ የማድረጊያ ቃላት ናቸው። ዝቅ ማድረግ የምትችለው ደግሞ የራስህን ሥራ ብቻ ነው። የአያትህን መስዋዕትነት አንተ ልታሳንሰው አትችልም፣ መብቱም የለህም። ስለዚህ ምስጋናው ለሌላ ሰው ሲሆን አታስተባብለውም፤ ተቀብለህ ለባለቤቱ ታደርሰዋለህ። «ስላስታወሱን» ማለትህ በትክክል እሱን ነው የሚያደርገው። ኮሪያዊ ሽማግሌም የሚጠብቀው ይህን ዓይነት መልስ ነው።

ጀማሪዋ፣ ይህ አንቺንም ይመለከታል። እንግዳ ተቀባይ ስትሆኚ ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው ሌላ ሰው ነው። «ትናንት ያ ልጅ በደንብ ረዳኝ፣ አመሰግናለሁ» ይሉሻል። እዚያ ላይ «አኒኤዮ» ካልሽ የባልደረባሽን ሥራ ነው የምታሳንሺው። «ኔ፣ ጀንሄ ድሪጌስምኒዳ» በዪ። «እሺ፣ አደርስልዎታለሁ» ነው። ከዚያም በእውነት አድርሺለት።

ጀማሪዋ_ከገርጂ

የቃኘው ልጅ፣ ጽሑፍህን ለእናቴ አነበብኩላት። ኮሪያ ሰፈር ነው ያደገችው፤ ስለ ዘማቾቹ ብዙ ታውቃለች። መምህር፣ «ጀንሄ ድሪጌስምኒዳ»ን ደብተሬ ላይ አስፍሬዋለሁ። እስቲ አነጋገሩን ደግሞ አስተካክሉልኝ። በፊደላችን ስጽፈው ልክ ነው?

ፊደል_ቆጣሪ

በዚህ እኔ ልርዳሽ። የኛ ፊደል ለኮሪያኛ በጣም ይመቻል። «ቸን» ውስጥ ያለው «ኧ» እና «ስም» ውስጥ ያለው «እ» ከኮሪያኛዎቹ ድምፆች ጋር በጣም ይቀራረባሉ። ሌሎች ተማሪዎች በላቲን ፊደል ሲታገሉ አማርኛ ተናጋሪ ቶሎ ይይዘዋል።

መጠንቀቅ ያለብሽ ሦስት ቦታ ነው። «አኒምኒዳ» ሲጻፍ በ«ፕ» ነው፤ «ን» ስለሚከተላት ግን «ም» ሆና ትሰማለች። «ካምሳሃምኒዳ»ም እንዲሁ። ሁለተኛ፣ «ምወልዮ» እና «ብየልማልስምልዮ» ውስጥ መጨረሻ ላይ ያለውን «ል» ጠበቅ አድርጊው። ሦስተኛ፣ «ማልስም» ውስጥ ያለው «ስ» ጠንካራ ነው። ብዙዎቻችን «ጸ» እናደርገዋለን። አይደለም፤ «ስ»ን አጥብቂው እንጂ ወደ «ጸ» አትውሰጂው።

ስትጽፊ ደግሞ «አኒኤዮ» በ«ኤ» ነው የሚጻፈው፣ በ«ዬ» አይደለም። ኮሪያውያንም ራሳቸው ብዙ ጊዜ የሚያምታቱት ነገር ነው። ስለዚህ አንቺ ትክክል ከጻፍሽ ያስተውሉልሻል።

ድራማ_ወዳድ

በካካኦቶክስ፣ በኮሪያውያኑ የመልእክት መተግበሪያ? አለቃዬ በጽሑፍ ሲያመሰግነኝ «አኒምኒዳ» ብቻ ልጻፍ?

ካሸር_የነበርኩ

ይሆናል። ብቻውን ደረቅ ከመሰለህ «ቶኡሚ ድዌታኒ ታሄንግኢኔዮ» ጨምርበት፤ «ከጠቀመዎት ደስ ይላል» ነው። ለአለቃ ከሆነ ደግሞ ቃሉን ከፍ ታደርገዋለህ፤ «ቶኡሚ ድዌሸታኒ ታሄንግኢምኒዳ»። ሥራ ሲታዘዙ «ኔፕ» የሚሉት አለ፤ «ኔ»ን ቀልጠፍ ያደረገ ነው። እሱ ለትእዛዝ እንጂ ለምስጋና ብዙም አይሆንም።

አክስት_ኢንቾን

«ሱጎሃሴዮ»ንም አንሱላት። ልጅቷ ሥራ ቦታ ነው የምትሄደው፣ በየቀኑ ትሰማዋለች።

ኮሪያኛ_አስተማሪ

እውነትዎን ነው። «ሱጎሃሴዮ» «በርቱ፣ አይዟችሁ» ዓይነት ስንብት ነው። ከሱቅ ሲወጡ ለሻጩ ይሉታል። በድሮው ወግ ግን ታናሽ ለታላቅ አይለውም፤ «ልፋ» ማለት ይመስላል ይባላል። ሥራ ሲያልቅ የሚባለው «ሱጎሃሸስምኒዳ» በቢሮ በጣም የተለመደ ነው።

ማስተርስ_በዴጆን

እዚህ ላይ ትንሽ ልለይ መምህር። የኛ ላብራቶሪ ውስጥ ተማሪው ሁሉ ለፕሮፌሰሩም ሳይቀር «ሱጎሃሸስምኒዳ» ይላል። ማንም ተቀይሞ አላየሁም።

ኮሪያኛ_አስተማሪ

አዎ፣ ያ የድሮ ወግ ወጣቱ ዘንድ ቀርቷል። ግን ኮሪያውያን ራሳቸው ዛሬም ይከራከሩበታል። አንዲት አዲስ ሠራተኛ ደግሞ በዚህ ክርክር መሐል መግባት የለባትም። ጀማሪዋ፣ አለቃሽ መጀመሪያ «ሱጎሃሸስምኒዳ» ካለሽ «ካምሳሃምኒዳ» ብለሽ ጎንበስ በዪ። አንቺ ቀድመሽ ለመሰናበት «መንጀ ካጌስምኒዳ» ይሻላል፤ «ቀድሜ ልሂድ» ማለት ነው። ባልደረቦችሽ ለአለቃው ምን እንደሚሉ ከሰማሽ በኋላ የቤቱን ልማድ ትከተያለሽ።

ጀማሪዋ_ከገርጂ

ገባኝ። እንግዲህ ለእናቶችና ለአባቶች «ብየልማልስምልዮ»፣ ለአለቃ «አኒምኒዳ»፣ ለእኩያ «አኒኤዮ»፣ ለሌላ ሰው የመጣ ምስጋና ከሆነ «ጀንሄ ድሪጌስምኒዳ»። አንዲት የመጨረሻ ጥያቄ፤ ዕቃ በእጄ ይዤ ሳለ ቢያመሰግኑኝስ? ጎንበስ ማለቱ ያስቸግረኛል።

አክስት_ኢንቾን

መጀመሪያ ዕቃውን በሁለት እጅሽ ስጫቸው ልጄ። ሲቀበሉሽና ሲያመሰግኑሽ እጅሽ ባዶ ነው፤ ያኔ አንገትሽን ዝቅ አድርገሽ ትመልሻለሽ። ሁለቱም እጅሽ ከተያዘ ደግሞ ጭንቅላትሽን ብቻ ዝቅ አድርጊ፣ ዓይን ዓይናቸውን አትዪ፣ ድምፅሽ ግን ይሰማ።